የአሳዳሪው መክፈቻና የደራሲው ልቅሶ፦ የቀደምት ኦፔራ ድርሰቶች ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተሻገሩበት መንገድ

1. መግቢያ

ስለ ኦፔራ አጀማመር በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት አስተያየቶች ተደጋግመው ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ኦፔራ በጌቶች አዳራሽ ለጌቶች መዝናኛ የተወለደ በመሆኑ ድርሰቱ ከውዳሴ ያለፈ ቁም ነገር የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በ1637 በቬኒስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሁሉ ክፍት የሆነ የኦፔራ ቤት ሲከፈት ኪነ ጥበቡ ከጌቶች እጅ ወጥቶ ነጻነቱን አገኘ የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ይኸውም የጌታውን ድርሻ ከድርሰቱ ውጭ፣ ከገንዘብ ቤቱ መዝገብ ላይ ብቻ መፈለጋቸው ነው። ማን ከፈለ? ስንት ከፈለ? ይላሉ። የከፈለው ሰው በድርሰቱ ውስጥ የት ቦታ እንደተቀመጠ ግን አይጠይቁም።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ባለሙያን በቤቱ አኑሮ፣ ቀለብና ደመወዝ ሰጥቶ የሚያሠራውን ጌታ «አሳዳሪ» እለዋለሁ። ለኦፔራ የሚጻፈውን ግጥማዊ ተውኔት ደግሞ በተለመደው ስሙ «ሊብሬቶ» እለዋለሁ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንደመሆኔ ዋናው ትኩረቴ ከዜማው ይልቅ በሊብሬቶው ላይ ነው። ለማሳየት የምሞክረውም የሚከተለውን ነው፦ በቀደምት ኦፔራ ውስጥ አሳዳሪው የራሱ የሆነ ቦታ አለው፤ ቦታው በተለይ መክፈቻውና መጨረሻው ነው። ኦፔራ ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ የተሻገረው በአሳዳሪዎች ዝምድና መንገድ ነው። ነገር ግን ከተሻገረ በኋላ ሥር የሰደደው አሳዳሪው ስለፈለገ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

2. የሠርግ ቤት ድርሰት

ኦፔራ ብለን የምንጠራው የኪነ ጥበብ ዘውግ መነሻው የኢጣሊያዋ ፍሎረንስ ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ሩብ በመስፍኑ በጆቫኒ ዴ ባርዲ ቤት የሚሰበሰቡ ሙዚቀኞችና ምሁራን የጥንት ግሪኮች ተውኔት በዜማ ይቀርብ ነበር የሚል እምነት ይዘው ይወያዩ ነበር። ከባርዲ በኋላ ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር ያመጣው ያኮፖ ኮርሲ የተባለ ሌላ የከተማዋ መኳንንት ነው። በ1598 በኮርሲ ቤት «ዳፍኔ» የተሰኘው ድርሰት ቀረበ፤ ሊብሬቶውን የጻፈው ባለቅኔው ኦታቪዮ ሪኑቺኒ፣ ዜማውን በአብዛኛው የደረሰው ያኮፖ ፔሪ ነበር። የ«ዳፍኔ» ሊብሬቶ ዛሬም ይነበባል፤ ዜማው ግን ከጥቂት ቁርጥራጮች በቀር ጠፍቷል።

ሙሉ ዜማው ከነሊብሬቶው የደረሰን የመጀመሪያው ኦፔራ የእነዚሁ ሁለት ደራስያን «ኤውሪዲቼ» ነው። የቀረበው በጥቅምት 6 ቀን 1600 በፍሎረንስ በፒቲ ቤተ መንግሥት ሲሆን ምክንያቱ ሠርግ ነበር። የሜዲቺ ቤት ልጅ ማሪያ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሄንሪ 4ኛ ተዳረች። ሙሽራው በሠርጉ ላይ አልተገኘም፤ ቃል ኪዳኑ በውክልና ነው የተፈጸመው። ኮርሲ ኦፔራውን ያቀረበው እንደ ሠርግ ስጦታ ነበር፤ እሱ ራሱም ከመድረኩ በስተኋላ ሆኖ ክላቪቼምባሎ መታ።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንግባ። የኦርፌዎስ ተረት መጨረሻው የታወቀ ነው። ኦርፌዎስ በእባብ ተነድፋ የሞተች ሚስቱን በዜማው ኃይል ከሙታን አገር ያስለቅቃል፤ ወደ ኋላ ዞረህ እንዳታያት ተብሎ የተሰጠውን ትእዛዝ ባለመጠበቁ ግን ዳግመኛ ያጣታል። ሪኑቺኒ ይህን መጨረሻ ለወጠው። በእሱ ድርሰት የሙታኑ ንጉሥ ምንም ዓይነት ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም፤ ባልና ሚስት በሰላም ተመልሰው ከእረኞቹ ጋር ይጨፍራሉ። ባለቅኔው ለማሪያ በጻፈው ማበርከቻ ላይ፣ መጨረሻውን መለወጡ ለአንዳንዶች ድፍረት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ገልጾ፣ በዚያ የደስታ ጊዜ ግን ተገቢ ሆኖ እንዳገኘው ያስረዳል። በመክፈቻው ላይም ራሷ «ትራጄዲ» በገጸ ባሕርይ መልክ ወጥታ፣ ደምና ሽብር ማሰማቷን ትታ ለንግሥቲቱ ለስለስ ያለ ዜማ ልታሰማ እንደመጣች ትናገራለች።

እዚህ ላይ አሳዳሪው በድርሰቱ ውስጥ ያለው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መክፈቻው የሚናገረው ለእሱ ነው፤ መጨረሻውም የሚበጀው ለእሱ ነው። በሠርግ ቤት መርዶ አይነገርምና ትራጄዲ የልብሷን ቀለም ለውጣ ገባች።

ከሰባት ዓመት በኋላ በማንቱዋ የቀረበው «ኦርፌዎ» ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ ያሳየናል። አሳዳሪው የማንቱዋ ገዢ ልጅ ፍራንቼስኮ ጎንዛጋ፣ ባለቅኔው አሌሳንድሮ ስትሪጆ፣ የዜማው ደራሲ ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ ነበሩ። ዝግጅቱ በየካቲት 1607 ሲቀርብ ከዘፋኞቹ አንዱ ከፍሎረንስ ቤተ መንግሥት በውሰት የመጣ ነበር፤ ባለሙያ በጌቶች መካከል እንደ ጥሩ ፈረስ ይዋዋሱት ነበር ማለት ነው። ተመልካቹ በእጁ ይዞ እንዲከታተል ሊብሬቶው ታትሞ ታድሏል። በዚህ በ1607 በታተመው ሊብሬቶ መጨረሻ ላይ ኦርፌዎስ ከተቆጡት የባኮስ ተከታይ ሴቶች ይሸሻል። በ1609 በታተመው የዜማ መጽሐፍ ላይ ግን አባቱ አፖሎ ከሰማይ ወርዶ ይዞት ያርጋል። ለውጡ ለምን እንደተደረገ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ዋናው ነገር የለውጡ ቦታ ነው። የተለወጠው ያው መጨረሻው ነው፤ መካከሉ፣ ኦርፌዎስ በሙታኑ አገር ደጃፍ ቆሞ የሚማጸንበት ክፍል፣ አልተነካም።

3. ከትእዛዝ የተረፈው ልቅሶ

እንዲህ ከሆነ የቀደምት ኦፔራ ደራሲ የጌታው አፍ ብቻ ነበር ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከ1608ቱ «አሪያና» የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

«አሪያና» የተጻፈው ለዚያው ለፍራንቼስኮ ጎንዛጋና ለሳቮይዋ ማርጌሪታ ሠርግ ነው። ሊብሬቶው የሪኑቺኒ፣ ዜማው የሞንቴቬርዲ ነበር። ታሪኩን ልብ እንበል። አሪያና አባቷንና አገሯን ከድታ የቴሴዎስን ሕይወት ያዳነች ልዕልት ናት። ቴሴዎስ ግን የአገሩን ጥቅምና የዙፋኑን ክብር አስቦ ተኝታ ሳለች በደሴት ላይ ጥሏት ይሄዳል። እሷም ባሕሩ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ባኮስ የተባለው አምላክ ስለሚያገባት ድርሰቱ በሠርግ ይዘጋል፤ የአሳዳሪው ቦታ ተጠብቆለታል። ይሁን እንጂ የበዓሉን ዜና የጻፈው የማንቱዋ ቤተ መንግሥት ሰው ፌዴሪኮ ፎሊኖ ከሁሉ አብልጦ የሚያነሣው ልቅሶውን ነው፤ ከተቀመጡት እመቤቶች ዕንባ ያላፈሰሰች አልነበረችም ይላል።

ይህ ፎሊኖ የጌታውን በዓል ለማድነቅ የተቀጠረ ሰው በመሆኑ ቃሉን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ነገር ግን ጊዜ ራሱ መስክሮለታል። ከ«አሪያና» ዜማ ውስጥ የደረሰን ልቅሶው ብቻ ነው። ደራሲው ራሱም ልቅሶውን ለአምስት ድምፅ አዘጋጅቶ በ1614 አሳትሞታል። መክፈቻው፣ ጭፈራው፣ የሠርጉ መዝጊያ ዜማቸው ጠፋ፤ የተጣለችው ሴት ጩኸት ተረፈ።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ከአጋጣሚነቱ በላይ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምክንያት አይበታለሁ። በአዳራሹ የተቀመጡት እመቤቶች አብዛኞቹ ፖለቲካ ያጋባቸው፣ ነገ ፖለቲካ ሊጥላቸው የሚችል ሴቶች ነበሩ። ሪኑቺኒ የጻፈላቸው ልቅሶ የሠርጉን ሌላ ፊት ያሳያል። ድርሰቱ ሰምና ወርቅ ሆነ ማለት ነው፤ ሰሙ የመስፍኑ ሠርግ፣ ወርቁ መሳፍንት በሴት ላይ የሚያደርጉት። ባለቅኔው ይህን አስቦ አድርጎታል ብዬ አልከራከርም። የድርሰቱ ቃላትና የተደራሲው ሕይወት ሲገናኙ የተፈጠረ ትርጉም ነው እላለሁ።

የአሳዳሪውን ቤት ለማወቅ የሚሻ ሰው ደግሞ ከመድረኩ በስተኋላ የሆነውንም ማየት አለበት። የአሪያናን ቦታ ይዛ ስትለማመድ የነበረችው ወጣት ዘፋኝ ካተሪና ማርቲኔሊ ዝግጅቱ ሊቀርብ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በፈንጣጣ ሞተች። ቦታውን የተውኔት ተዋናይት የሆነችው ቪርጂኒያ አንድሬኒ ተክታ ተጫወተች። ሞንቴቬርዲም በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ከክሬሞና በጻፈው ደብዳቤ ድካሙ ጤናውን እንደጎዳውና የተሰጠው ዋጋ እንዳነሰ በምሬት ገልጿል። በ1612 ከማንቱዋ ተሰናበተ።

4. ንጉሥ በሌለበት ከተማ

ሞንቴቬርዲ በ1613 የገባው ወደ ቬኒስ ነው። በ1637 የመጀመሪያው ለከፋይ ሕዝብ ክፍት የሆነ የኦፔራ ቤት፣ የሳን ካሲያኖ ቴአትር፣ በዚችው ከተማ ተከፈተ። የቀረበውም የቤኔዴቶ ፌራሪና የፍራንቼስኮ ማኔሊ «አንድሮሜዳ» ነበር። በመግቢያዬ የጠቀስኩት ሁለተኛው አስተያየት የሚመረኮዘው በዚህ ድርጊት ላይ ነው።

ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ጌቶቹ ከቴአትሩ አልወጡም። የሳን ካሲያኖ ባለቤት ትሮን የተባለው የመሳፍንት ቤተሰብ ነበር፤ በ1639 ሁለተኛውን ቴአትር ለኦፔራ የከፈቱት ግሪማኒዎችም እንዲሁ። ግራና ቀኝ ተከልለው የተሠሩትን መቀመጫዎች በዓመት የሚከራዩት የከተማዋ ባላባቶች ናቸው። ስለዚህ የተለወጠው የአሳዳሪው መደብ ሳይሆን ቁጥሩና ዓላማው ነው። አንድ ጌታ የነበረው ብዙ ጌቶች ሆነ፤ ለክብር ይወጣ የነበረውም ገንዘብ የኪራይና የትኬት ትርፍ ይጠበቅበት ጀመር።

ይህ ለውጥ በድርሰቱ ላይ ይታያልን? ይታያል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል በማንቱዋም በፍሎረንስም አዳራሽ የሚሠራ ነበር። ቬኒስ ግን ሪፐብሊክ ናት፤ የምታፍረው ንጉሥ የላትም። በ1643 በግሪማኒዎቹ ቴአትር የቀረበውን «የፖፔያ ንግሥና» የተባለውን ድርሰት እንመልከት። ሊብሬቶውን የጻፈው የሕግ ባለሙያው ጆቫኒ ፍራንቼስኮ ቡሴኔሎ ሲሆን ዜማው የሞንቴቬርዲ ነው፤ በዜማው ላይ የሌሎች እጅ እንዳለበትም ይታመናል። በዚህ ድርሰት ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን መምህሩን ሴኔካን እንዲሞት ያዛል፤ ሕጋዊ ሚስቱን ያባርራል፤ ውሽማውን ያነግሣል። ድርሰቱም በደስታ ያበቃል። ይህ የደስታ መጨረሻ ከ«ኤውሪዲቼ» መጨረሻ ጋር በቅርጽ አንድ ነው፤ በትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው። ያኛው ለሙሽሮቹ የተሰጠ ስጦታ ነበር፤ ይኸኛው በነገሥታት ላይ የተሰነዘረ ምጸት ነው። በአሳዳሪው ግድ የመጣው ቅርጽ፣ አሳዳሪው ሲለወጥ፣ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

5. የዝምድና መንገድ

ኦፔራ ከኢጣሊያ የወጣበትን መንገድ በካርታ ላይ ብናሰምር የጋብቻ ካርታ ይሆናል። በ1600 ተድራ ወደ ፓሪስ የሄደችው ማሪያ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዘፋኙንና ደራሲውን ጁሊዮ ካቺኒን ከነቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ጠርታዋለች። የፍራንቼስኮ ጎንዛጋ እህት ኤሌኦኖራ በ1622 የሀብስቡርጉን ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ 2ኛን አግብታ ቪየና ስትገባ የኢጣሊያ ሙዚቃና ትርኢት በቤተ መንግሥቱ ተጠናክሯል። ሙሽሪት ጥሎሿን ብቻ ሳይሆን የምትወደውን ዜማም ይዛ ትሄዳለች።

ከእነዚህ መንገዶች ሁለቱን ለማነጻጸር መርጫለሁ፤ አንዱ ወደ ዋርሶ፣ ሌላው ወደ ፓሪስ የሚወስድ ነው።

የፖላንዱ አልጋ ወራሽ ቭላዲስላቭ በ1625 ፍሎረንስን ሲጎበኝ ያስተናገደችው የሟች እናቱ እህት ማሪያ ማዳሌና ናት። ማዳሌና በዚያን ጊዜ ባሏ ሞቶባት ስለ ልጇ እንደራሴ ሆና ትገዛ ነበር። ለእንግዳው ክብር ያሠራችው ድርሰት «የሩጄሮ ከአልቺና ደሴት ነጻ መውጣት» ይባላል፤ የዜማው ደራሲ የጁሊዮ ካቺኒ ልጅ ፍራንቼስካ ካቺኒ ነበረች። በሴት የተደረሰ ኦፔራ ሆኖ የሚታወቀው የመጀመሪያው ይህ ነው። በመክፈቻው ላይ የባሕሩ አምላክ ኔፕቱን ከቪስቱላ ወንዝ ጋር ሆኖ ይወጣል፤ ቪስቱላ የፖላንድ ታላቅ ወንዝ ነው። የእንግዳው አገር በገጸ ባሕርይነት ገብቶ ቁጭ አለ ማለት ነው። በዋናው ታሪክ ውስጥ ግን ወንዙ አይታይም፤ አንዲት ጠንቋይ በፍቅር ያሰረችውን ጦረኛ ሌላይቱ ጠንቋይ ታስለቅቀዋለች። ሁለት ሴቶች በሴት ትእዛዝ፣ በሴት ዜማ፣ ስለ አንድ ወንድ ይከራከራሉ።

ሊብሬቶው በ1628 በክራኮው በፖላንድ ቋንቋ ታተመ። ጅማሬው መልካም ነበር። ቭላዲስላቭ በ1632 ከነገሠ በኋላ በዋርሶ ቤተ መንግሥቱ የቴአትር አዳራሽ አደራጀ፤ የሙዚቃ አለቃው ማርኮ ስካኪ፣ የሊብሬቶ ጸሐፊው ቪርጂሊዮ ፑቺቴሊ፣ ሁለቱም ኢጣሊያውያን ነበሩ። ድርሰቶቹ የሚዘፈኑት በኢጣሊያንኛ ነው። በ1648 ንጉሡ ሞተ፤ አገሪቱም በጦርነት ታመሰች፤ ኦፔራውም ከንጉሡ ጋር ተቀበረ። የእነዚያ ድርሰቶች ዜማ አልደረሰንም። በኋላ ከሳክሶኒ የመጡት ነገሥታት የኢጣሊያ ኦፔራ መልሰው ቢያስመጡም፣ በሕዝብ ፊት የቀረበው የመጀመሪያው የፖላንድኛ ኦፔራ፣ የማቼይ ካሚየንስኪ «ደስታ ያገኘ ድህነት»፣ የተሰማው በ1778 ነው። ከቭላዲስላቭ ሞት በኋላ 130 ዓመት መሆኑ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይሏል ይህ ነው።

የፓሪሱ ታሪክ ሲጀመር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ኢጣሊያዊው ካርዲናል ማዛረን ቀድሞ በሮም በባርቤሪኒዎች ቤት ኦፔራ የለመደ ሰው ነበር። በፈረንሳይ ሥልጣን ሲይዝ ዘፋኞችና የመድረክ ባለሙያዎች አስመጣ፤ በመጋቢት 1647 የሉዊጂ ሮሲ «ኦርፌዎ» በፓሪስ ቀረበ። በኢጣሊያንኛ የሚዘፈን፣ ሰዓታት የሚፈጅ፣ ወጪው የበዛ ትርኢት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡና መኳንንቱ በማዛረን ላይ ሲነሡ ይኸው ወጪ ከክሶቹ አንዱ ሆኖ በጽሑፍ ተሠራጨ። በ1662 ለሉዊ 14ኛ ሠርግ የተዘጋጀው የካቫሊ «አፍቃሪው ሄርኩለስ»ም ብዙ አላስደሰተም፤ ተመልካቹ የተደሰተው በመካከሉ በገባው ጭፈራ ነው።

የጭፈራውን ዜማ የደረሰው ዣን ባፕቲስት ሉሊ በ1632 በፍሎረንስ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ የመጣ ሰው ነው። ሉሊ በ1672 ኦፔራን በብቸኝነት የማቅረብ መብት ከንጉሡ አገኘ። በ1673 ባለቅኔው ፊሊፕ ኪኖ የጻፈለትን «ካድሙስና ኤርሚዮን» አቀረበ፤ በፈረንሳይኛ። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት የኢጣሊያኑን ቃል በፈረንሳይኛ ቃል መተካት ብቻ አልነበረም። የፈረንሳይ ሕዝብ የኮርኔይንና የራሲንን ትራጄዲ ሲሰማ የኖረ ነው፤ ጆሮው ለግጥም ንባብ የተሳለ ነው። ሉሊም በንግግርና በዜማ መካከል ያለውን የኦፔራ አዘማመር፣ ሬቺታቲቮ የሚባለውን፣ በዚያ የንባብ ልማድ ላይ ገነባው። ኦፔራ በፓሪስ ሥር የያዘው በፈረንሳይኛ የግጥም ወግ መሬት ላይ ነው።

አሳዳሪው ግን እዚህም አልጠፋም። በመክፈቻው ላይ ፀሐይ ዘንዶውን ይገድላል፤ ፀሐይ ሉዊ ነው። አሳዳሪው ቁጣውንም አልተወም። በ1677 በቀረበው «ኢሲስ» ውስጥ ቀናተኛይቱ የአማልክት ንግሥት የንጉሡን ወዳጅ ማዳም ደ ሞንቴስፓንን ትመስላለች ተብሎ ኪኖ ከቤተ መንግሥት ተገለለ፤ እስከ 1680 ድረስም ለኦፔራ አልጻፈም። መካከሉን ለደራሲው የተወው አሳዳሪ፣ በመካከሉ ራሱን ያየ ሲመስለው ምን እንደሚያደርግ ይህ ያሳያል። ይሁን እንጂ ሉሊ በ1687፣ ሉዊ በ1715 ሲሞቱ ተቋሙ አብሯቸው አልሞተም። የኪኖና የሉሊ ድርሰቶች በ18ኛው መቶ ዓመት በአብዛኛው መድረክ ላይ ቆይተዋል፤ ተቋሙም እስከ ዛሬ የፓሪስ ኦፔራ ተብሎ አለ።

6. መክፈቻው ሲቀደድ፦ ሊማ 1701

እስካሁን ያየነው መንገድ ሁሉ በአውሮጳ ውስጥ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሄደው ድርሰት የክርክሬን ዋና ነጥብ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል።

ስፔናዊው ፔድሮ ካልዴሮን ደ ላ ባርካ «የጽጌረዳዋ ቀይ ደም» ብዬ ልተረጉመው የምችለውን ሊብሬቶ የጻፈው በ1660 ነው። ምክንያቱ የስፔይንና የፈረንሳይ ዕርቅ፣ እንዲሁም የስፔይኗ ልዕልት ማሪያ ቴሬሳ ለሉዊ 14ኛ መዳሯ ነበር። ከላይ የጠቀስኩት የካቫሊ ኦፔራ በፓሪስ የተዘጋጀውም ለዚሁ ሠርግ ነው፤ አንድ ጋብቻ በሁለት ቋንቋ ሁለት ኦፔራ ወለደ። ካልዴሮን በመክፈቻው ላይ አንድ የማይታበል ጥርጣሬ አስገብቷል፤ ቁጡ የሆነው የስፔይን ተመልካች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘፈን ተውኔት ይታገሣልን ሲል በገጸ ባሕርዩ አፍ ይጠይቃል።

ከ41 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1701፣ ይኸው ሊብሬቶ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ በእንደራሴው ቤተ መንግሥት ቀረበ። አዲሱን ዜማ የደረሰው በ1667 ከስፔይን በእንደራሴ ጓዝ ውስጥ መጥቶ የሊማ ካቴድራል የሙዚቃ አለቃ የሆነው ቶማስ ደ ቶሬኾን ኢ ቬላስኮ ነው። በአሜሪካ ምድር ከተደረሱት ኦፔራዎች ዛሬ የሚታወቀው ቀዳሚ ይህ ነው። ምክንያቱ የአዲሱ ንጉሥ የፌሊፔ 5ኛ በዓል ነበር። ፌሊፔ የማሪያ ቴሬሳና የሉዊ 14ኛ የልጅ ልጅ ነው። ለአያቶቹ ሠርግ የተጻፈው ድርሰት ለልጅ ልጅ ንግሥና ዋለ ማለት ነው።

ነገር ግን እንዳለ አልዋለም። በ1660 የነበረው መክፈቻ ወጥቶ ፌሊፔን የሚያወድስ አዲስ መክፈቻ ገባ። የቬኑስና የአዶኒስ ታሪክ፣ የማርስ ቅናት፣ የአዶኒስ ደም ጽጌረዳዋን ማቅላቱ ግን በካልዴሮን ቃል ቀጠለ። የአሳዳሪው ክፍል እንደ ልብስ ተወልቆ ሌላ ለበሰ፤ የደራሲው ክፍል አካል ሆኖ ቀረ። በማንቱዋ ጊዜ በራሱ ያደረገውን ምርጫ በሊማ ሰዎች በእጃቸው አደረጉት።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ዋርሶንና ፓሪስን አነጻጽሬ የአገር ቋንቋን አስፈላጊነት ስናገር፣ ቪየናስ? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ ከመቶ ዓመት በላይ በኢጣሊያንኛ ሲቀርብ ኖሯል። ቀዳማዊ ሊዮፖልድ የስፔይኗን ማርጋሪታን ሲያገባ የተዘጋጀው «የወርቅ ፖም» በ1668 የቀረበው በኢጣሊያንኛ ነው፤ ከ1730 ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ የነበረውም ኢጣሊያዊው ሜታስታዚዮ ነው። ኦፔራው ግን አልሞተም።

ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሐሳቤንም እንዳርመው ያስገድደኛል። በቪየና ቤተ መንግሥት ኢጣሊያንኛ የባዕድ ቋንቋ አልነበረም። ሊዮፖልድ ራሱ ዜማ የሚደርስ፣ አባቱ ፈርዲናንድ 3ኛም በኢጣሊያንኛ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነበር። የአሳዳሪው ቤትም እንደ ዋርሶ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ የቆመ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር። ስለዚህ መስፈርቱ «የአገሬው ቋንቋ» ሳይሆን «የተደራሲው ቋንቋ» ሊሆን ይገባዋል። በሌላ በኩል ካልዴሮን በስፔይንኛ ቢጽፍም ሙሉ በሙሉ የሚዘፈን ኦፔራ በማድሪድ አልጸናም፤ የጸናው ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ሳርሱዌላ ነው። ቋንቋ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ የተደራሲው የቴአትር ወግና ከአሳዳሪው ዕድሜ የሚረዝም ተቋምም ያስፈልጋሉ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ምሳሌዎች የሚያመለክቱት የሚከተለውን ነው። አሳዳሪው ለቀደምት ኦፔራ አዳራሹን፣ ገንዘቡንና መንገዱን ሰጥቷል፤ ያለ እሱ ድርሰቶቹ ባልተጻፉም፣ ከአገራቸውም ባልወጡ ነበር። በምላሹም መክፈቻውንና መጨረሻውን ወስዷል። ከመክፈቻውና ከመጨረሻው መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ለደራሲው ቀርቷል፤ ከዘመን ዘመንና ከቋንቋ ቋንቋ የተሻገረውም በአመዛኙ ያ ነው።

ይህ ንባብ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ያለው ፋይዳ ከኦፔራ ያልፋል ብዬ አምናለሁ። አንድን ድርሰት «ተከፍሎበት የተጻፈ ነው» ብሎ መጣል ቀላል ፍርድ ነው፤ ከከፋዩ ለይቶ ማንበብም ሌላው ቀላል ፍርድ ነው። የሐያሲው ሥራ የከፋዩ እጅ በድርሰቱ ውስጥ የት ድረስ እንደደረሰ፣ ከየት ጀምሮም እንዳልደረሰ በየስንኙ መፈለግ ነው። የማንቱዋው ሠርግ ድግሱ ተነሥቷል። የጎንዛጋም ቤት ሥልጣኑን ካጣ ቆይቷል። አሪያና ግን አሁንም ባሕሩ ዳር ቆማ ታለቅሳለች።